የእሑድ መቃ

ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶዎቹ መካከል አንድ የመቃ ብዕር አለ። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ጫፉ ላይ የደረቀው ቀለም መሽተት ይጀምራል፤ ያረረ ገብስ፣ ጥላሸት፣ ከሥሩም ኮምጠጥ ያለ ነገር። ያ ሽታ ሲመጣ ሐሳቤ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከይጁቤ ስንቄን ተሸክሜ መጥቼ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ያን ጊዜ ለእኔ ከደብረ ማርቆስ የሚበልጥ ከተማ አልነበረም። በእኛ አገር ሰው የሚሄደው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው፤ እዚህ ግን እሑድ እሑድ ሰው ለመናፈስ ብቻ ከቤቱ ይወጣል። ይህ በጣም ይደንቀኝ ነበር።

በተከራየሁበት ግቢ ጓሮ፣ ብራና ላይ ዳዊት የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ቆሜ እጃቸውን አያለሁ። በአንድ ገጽ ላይ የመጀመሪያው «ለ» እና የመጨረሻው «ለ» በቁመትም በውፍረትም አይለያዩም፤ አንድ ቀን ሳያዩኝ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ያንን እጅ መማር ፈለግሁ። ያን ዓመት ሌላ ነገር የፈለግሁ አይመስለኝም።

ብጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ ዓይንህ ያይ እንደሆን እንወቅ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተከተለኝ» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ክንዴን ይዘው ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ይለቁኝና እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በቀስታ ይሄዳሉ። ውኃው ድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ድምፁ ይለወጣል። ተማሪዎች ደብተር ይዘው እያጉተመተሙ ይመላለሳሉ፤ ሸንኮራ ሻጯ ጥላዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱ ነበር።

«አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ከሙሽራዋ ኋላ ገቡብኝ» አለ ፎቶ አንሺው።

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁ፤ ሙሽራዋን ፈቀቅ አድርጋት።»

ሙሽራዋ ራሷ ሳቀች። የኔታ ግን ዓይናቸው መቃው ላይ ነበር። ብዕር የሚሆናቸውን የሚመርጡት እሑድ ነው፤ ሰንበት ስለሆነ ግን አይቆረጥም፣ በዓይን ብቻ ይያዛል። ሰኞ ማለዳ ያንኑ መቃ ሳልስት አግኝቼ መቁረጥ የእኔ ፈንታ ነበር።

«የቱን መረጥሁ?» ይሉኛል፣ ዳገቱን ስንመለስ።

«ከድልድዩ ሦስተኛው ጥሻ፣ ከድንጋዩ በስተግራ ሁለተኛው። ከአንጓ እስከ አንጓ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።»

«ቀለሙስ?»

«ቢጫ ነው።»

«የምን ቢጫ?»

ዞር ብዬ ወደ ጥሻው አየሁ።

«ሊታጨድ ሳምንት የቀረው ገብስ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብሎ ቢጫ የሆነ ነገር አላየሁም።

በስድስተኛው እሑድ የመረጡት መቃ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ አንጓው ሰፊ፣ እሱም ስንዝር ከአራት ጣት። ስንመለስ ልጆች መቃ እየሰበሩ ጎራዴ ሲጫወቱ አየሁ። ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ነገ ባላገኘውስ? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻዬን ወረድሁና በምላጭ ቆረጥሁት።

ሰኞ ጠዋት ወሰድሁላቸው። «አሁን ቆርጬው መጣሁ፣ የኔታ።»

ተቀብለው ቁርጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ ውኃው ሸሽቷል። አድሯል» አሉ። ከዚያ በትራቸውን አነሱ። «ተነሥ።»

የሰኞው ወንዝ ሌላ ነበር፤ ሁለት ልብስ አጣቢዎች ብቻ ነበሩ። የኔታ ክንዴን አልያዙም። በበትራቸው እርጥቡን መሬት አሳዩኝና ተከልሁት።

«ሰንበት መሻርህን ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔን ግን ዋሽተኸኛል። ይህ መቃ ካቆጠቆጠ ብዕር አስይዝሃለሁ። ካላቆጠቆጠ የአስኳላህን ተማር።»

ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ ወረድን፤ ሰው ይናፈሳል፣ እኔ አንድ እንጨት አያለሁ። ከተተከለ በሦስተኛው እሑድ ግራጫ ሆነ።

ሸንኮራ ሻጯ፣ «የኔታ፣ ይህ ልጅ አጥር ያጠረው ለማን ነው? ለእንቁራሪት?» አለች።

«ተይው፤ ሥር እየፈለገ ነው» አሏት። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም።

በአራተኛው እሑድ ፊታቸውን ሲያዞሩ በጥፍሬ ፋቅሁት። ውስጡ ደርቆ ነጥቷል። ዳገቱን ስንወጣ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

በአምስተኛው እሑድ ቀድሜ ልደርስ አልፈለግሁም፤ ከኋላ ቀረሁ። የኔታ ቆመው ጠበቁኝ። ከሁለተኛው አንጓ ላይ የድመት ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ወጥታለች።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

አየሁ። እሳቸው እንዳስተማሩኝ አየሁ። እኔ በምላጭ የቆረጥሁት ዙሪያውን ተቦጭቆ ነበር፤ ይህ በአንድ ስበት በሰያፍ የተቆረጠ ነው፣ የኔታ ብዕር ሲቀርጹ እንደሚቆርጡት። የእኔ አንጓ ስንዝር ከአራት ጣት ነበር፤ ይህ ስንዝር ከሦስት። ቁርጡ ጠቁሯል፤ እንግዲያው ዛሬ በሰንበት የተቆረጠ አይደለም፣ በሳምንቱ መካከል በሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ክንድ ሳይዙ ያንን ቁልቁለት ወርደዋል።

«አቆጥቁጧል፣ የኔታ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ውሸቴን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ያወቁ ሰው፣ ይህንንም እንዳወቁት እርግጠኛ ነኝ። ክንዴን ያዙ።

«ነገ ና» አሉኝ።

ከአሥረኛ ክፍል አላለፍሁም። የቀረውን ሁሉ ከመጽሐፍ ራሴን አስተማርሁ፤ እጄን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም እንጀራ የምበላው በዚያ ጽሕፈት ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ብዕር በመጀመሪያው ሰኞ ያስያዙኝ ነው። ስለዚያ መቃ እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን አላነሣንም።

ባለፈው እሑድ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ያቺ መቃ ጥሻ ሆናለች፤ የመጀመሪያዋ የትኛዋ እንደነበረች መለየት አልቻልሁም። ግን እዚያ ሳልደርስ፣ ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ሳላስበው ክንዴን ለእሳቸው አጥፌ ነበር።