ከእጅ የወጣ ልጅ

አክስቴ ቡሬ ውስጥ ካሉት ጥቂት ካቶሊኮች አንዷ ነበሩ። ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ ከተበተኑ በኋላም፣ አመሻሽ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው የእያንዳንዳቸውን ስም ጮክ ብለው እየጠሩ ይጸልዩ ነበር። የበኩር ልጃቸው ተቀይሞ መምጣቱንም መደወሉንም ሲተው፣ የእሱን ስም ከሁሉም አስቀድመው ማንሳት ጀመሩ።

«እቴቴ፣ እሱ እኮ ረስቶዎታል» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልጅ ሲያድግ ከእናቱ እጅ ይወጣል እንጂ ከጸሎቷ አይወጣም» አሉኝ።

ባለፈው ክረምት ታመው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ አረፉ። ልጃቸው የደረሰው ከቀብር ከተመለስን በኋላ ነው። ባዶው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «በየቀኑ ስሜን ትጠራ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እውነት ነው» አልኩት።

ነጠላቸውን ፊቱ ላይ ጭኖ ተንሰቀሰቀ። እሱን ማጽናናት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።