የኬታኪ ዐይን ሰበር ያለ ዕለት

ሱግና የወንድሜ ምራት ናት። ናትድዋራ በምትባለው የሕንድ ከተማ፣ በሠዓሊዎቹ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትዳር፣ እኔ ባሌ ሞቶብኝ ወደ ወንድሜ ቤት ከተመለስኩ ቆይቼ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእሷና በአማቷ በወንድሜ መካከል አፍ ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ምራት በአማቷ ፊት ሻሿን እስከ አገጯ ታወርዳለች፤ ከእሱም ጋር ቃል አትለዋወጥም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እሷ፣ "እትዬ፣ አባባን ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው" ትለኛለች። እሱም በደንብ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አልፈልግም በያት" ይላል።

ወንድሜ ጌሪላል ለቤተ መቅደሱ በጨርቅ ላይ የአምላክን ሥዕል ይሥላል። ሴቶቹ ድንጋይ እየፈጨን ቀለም እናወጣለን፣ በሙጫ እንለውሳለን፣ ሰማዩን፣ ቅጠሉንና የላሞቹን ሆድ እንሞላለን። ፊት የወንዶች ሥራ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በመጨረሻ የሚሣለው ዐይን ደግሞ የወንድሜ ብቻ ነው። ሱግና ግን የምትመኘው እሱኑ ነበር። ሣህን ስታጥብ በእርጥብ ጣቷ በሣህኑ ጀርባ ላይ ዐይን ትሥልና ሳይደርቅ ታብሰዋለች። እኔም እንዳላየ ሆኜ አልፋለሁ።

ናንዲታ የምትባል ወጣት ከሙምባይ መጥታ፣ በሂንዲ የሚነገር የፍቅር ፊልም ሙሉ በሙሉ በእጅ በተሣለ ሥዕል ልትሠራ መሆኑን ስትነግረን ማናችንም አልገባንም። በኋላ ስናየው ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሥዕል ይሣላል፤ ቀጥሎ ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ሌላ ሥዕል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ፎቶ ተነሥተው በተርታ ሲያልፉ ሥዕሉ ይራመዳል። ታሪኩ የአንድ ጨርቅ በቀለም የሚነክር ሰው ልጅ የሆነችው የኬታኪና ከማዶው ጣሪያ ላይ በክር የታሰረ የወረቀት ካይት የሚያበርር ጎረምሳ ፍቅር ነው። ከዝናቡ ማብቂያ እስከ ብርዱ ድረስ ቤቱ በሙሉ ሣለ። በኬታኪ ቀሚስ ላይ ያሉትን ቢጫ ነጠብጣቦች ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ናንዲታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ የተሠራውን በግድግዳው ላይ አሳየችን። ኬታኪ ተራመደች፤ ቀሚሷ ተውለበለበ፤ እኔ ነጠብጣቦቼን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ጎረምሳው ካይቱን ትቶ ስሟን ጠራ። ኬታኪም ዐይኗን አፍጥጣ አየችው፤ አፍጥጣም ቀረች።

"ፍቅር ይዟት ነው ወይስ ሌባ አይታ?" አለ የሱግና ባል ናሮታም።

"ልጁንስ አታዩትም? አበዳሪውን ያየ ነው የሚመስለው" አለች እናቱ፤ ቤቱ በሣቅ ሞላ።

ናንዲታ አልሣቀችም። "አባባ፣ እነዚህ ልጆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ እንኳ ዐይናቸውን አላርገበገቡም።"

"የተከደነ ዐይን ሥዬ አላውቅም" አለ ወንድሜ። "የተከደነ ዐይን ያልነቃ ሥዕል ነው። ገደቢስ ነው። ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ኬታኪ እዚህ ጋ ዐይኗን ሰበር ካላደረገች እኮ ፊልሙ የለም። እንግዲያው የጣሪያውን ሥዕል ሙምባይ ወስጄ በኮምፒውተር አስጨርሰዋለሁ።"

"ውሰጂዋ።"

ናንዲታ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረች። ሱግና ከጎኔ ነበረች። ሻሿ ወርዷልና ፊቷ አይታይም፤ ክርኔን ግን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

"እትዬ፣ ለአባባ ንገሪልኝ" አለች፤ ድምጿ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። "አምላክ ዐይኑን አያርገበግብም። ሰው ግን ያርገበግባል። ኬታኪ ሰው ናት።"

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "ኬታኪ ሰው ናት ትልሃለች።"

"ሰምቻለሁ። ሰው ብትሆንስ በያት።"

"እንደ አምላክ ከሣልናት ማን ያፈቅራታል በይልኝ። ያ ምስኪን ልጅ ካይቱን ጥሎ ሊሰግድላት ነው።"

ናሮታም ሣቁን ሊይዝ ሳል አስመሰለ። ወንድሜ ወደ ግድግዳው፣ እዚያ አፍጥጣ ወደ ቀረችው ልጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሣቀ ነበር።

"እሺ፣ ሰው ትሁን። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ እጄን አላስለምደውም። ማን ይሣላት ታዲያ? ጠይቂያት።"

ሱግና ክርኔን ይበልጥ ጨመቀችው። ይህን ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሙሉ የተነገረኝን አድርሼ እንጂ ከራሴ ጨምሬ አላውቅም። "እኔ እሥላለሁ ትልሃለች" አልኩት።

ወንድሜ አየኝ። ምራቱ አንድ ቃል እንዳልወጣት ጆሮው ያውቃል። ቀጭኗን የዐይን ብሩሽ ከጆሮው ላይ አወረደና፣ እጅ ለእጅ መቀባበል ነውር ስለሆነ፣ በመካከላቸው ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ሱግና አነሣቻት።

ከዚያ ወዲህ የእጅ መስታወት በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ የራሷን ዐይን ቀስ እያደረገች እየከደነች ሣለች። በአንዱ ወረቀት የኬታኪ የዐይን ቆብ የጸጉር ያህል ዝቅ ይላል፤ በሚቀጥለው ትንሽ ይጨምራል። ስታበላሽ ወረቀቱን ቀድዳ እኛን ሰማዩን እንደገና ታስሞላናለች። ሥራ ላይ ስትሆን ምራትነቷን ትረሳው ነበር። "እትዬ፣ ሰማይሽ ቆሽሿል" ብላኛለች፤ እውነቷን ነበር።

ፊልሙ የታየው በትምህርት ቤቱ ግቢ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። የከተማው ሰው አጥሩ ላይ ሳይቀር ተሰቅሎ ነበር። ጎረምሳው ስሟን ሲጠራ ኬታኪ አየችው፣ ዐይኗን ሰበር አደረገች፣ እንደገና ቀና ብላ አየችው። ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ፤ ከዚያ ፉጨቱና ጭብጨባው ለሥዕሎቹ ድምፅ የሰጡትን ተዋንያን ሂንዲ ዋጠው። "መልሺው! መልሺው!" ብለው አስጨነቋት፤ ናንዲታም መለሰችው። ጎረቤታችን የሆነ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ወደ ወንድሜ ጠጋ ብሎ፣ "ይህን ዐይን ማን ሣለው?" አለ።

"ምራቴ" አለ ወንድሜ፣ ሦስት ረድፍ ያህል በሚሰማ ድምፅ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ለበዓሉ የሚደርሰውን ታላቅ ጨርቅ ዘረጋ። ላሞቹ፣ አበቦቹ፣ የአምላክ ፊት፣ ሁሉም አልቆ የቀረው ዐይኑ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሰውነት ሳይታጠብ አይነካም። "ታጥባ ትምጣ በያት" አለኝ።

ለመንገር ወደ ጓሮ ስሄድ ሱግናን ጸጉሯ እርጥብ ሆኖ በሩ ላይ አገኘኋት፤ ሰምታ ቀድማኝ ታጥባለች። ገባች፣ ሻሿን እስከ አገጯ ሳይሆን እስከ ቅንድቧ ብቻ አወረደች፣ በጨርቁ ራስጌ ተቀመጠች። ወንድሜም ሌላ ሥራ እንዳለው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረላት። የአምላክን ሁለት ዐይኖች ሣለች፤ ትላልቅ፣ የተገለጡ፣ የማይርገበገቡ።