ትንሿ ጣቴና የደረጀ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስመለስ የግቢያችን በር ላይ ለቅሶ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ያለቀሰ ሰው ግን አልነበረም። ልጄ ናሆም ለኤሌክትሪክ ጊታሩ የገዛውን ዋዋ ፔዳል እየሞከረ ነበር። ይህ በእግር የሚረገጥ ዕቃ ነው፤ የእግር ጣት ሲጫነው የጊታሩ ድምፅ ይከፈታል፣ ተረከዝ ሲጫነው ይታፈናል። ሁለቱ ሲፈራረቁ ጊታሩ አፍ ያወጣ ይመስል «ዋ… ዋ…» ይላል።

ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

«እግርህ ምት እየመታ ነው» አልኩት። «ምቱን ተወውና ዜማውን ተከተል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ይኼን ደግሞ ከየት አወቅከው?»

ዝናብ ሊመጣ ነውና ልብሱን ከገመድ ላይ አንሣ ብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ።

ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ያለ አስተማሪ የሚማር ሰው ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም በትጋት ያጠናል። እንግሊዝኛን የተማርኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ስሠራ፣ ከሳጥኖች ላይ ጽሑፍ እያነበብኩ ነው። ልጆቼ፣ አባታችን ሲናገር «ተሰባሪ ነው፣ በጥንቃቄ ያንሡ» የሚል ይመስላል እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ጊታርንም የተማርኩት እንደዚያው ነው።

ወጣት ሳለሁ ላምበረት የከተማው ጠርዝ ነበር። ከሰፈራችን ባሻገር የጤፍ ማሳ ይታያል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። የቀበሌው ኪነት ቡድን አንዲት የኤሌክትሪክ ጊታር ነበረችው፤ ለመለማመድ ተራ እንጠብቅ ነበር። በካሴት የምሰማው የሚያለቅስ ጊታር እንቅልፍ ነሣኝ። በእግር የሚረገጥ ዕቃ እንዳለ የነገረኝ አልነበረም፤ የእጅ ጥበብ መሰለኝ። ስለዚህ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ ክሩን እየመታሁ፣ በትንሿ ጣቴ ደግሞ ድምፁን የሚያደምቀውንና የሚያደበዝዘውን ቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ጣቴ ቆሰለ፣ ዳነ፣ እንደገና ቆሰለ። በመጨረሻ ጊታሯ አለቀሰች። እንደ ካሴቱ የጎላ አልነበረም፤ በሽተኛ በሌላ ክፍል ሆኖ የሚያቃስት ያህል ነበር። ግን የእኔ ነበር።

ጓደኛዬ ደረጀ፣ ዛሬ መናኸሪያው ባለበት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ጊታር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቦሌ መንገድ ካለ ሆቴል ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የባንድ መሪ አስጠሩኝ። ጊታር ተጫዋቻቸው ለቆባቸው ኖሮ፣ ላምበረት ውስጥ ጊታር የሚያስለቅስ ልጅ አለ ብለው ሰዎች ነግረዋቸዋል። አባቴ ጊታርን የሥራ ፈት ዕቃ ይለው ነበር። በደመወዝ የሚጫወት ልጅ እንዳለው ላሳየው ነበር። ደረጀን አስከትዬ ሄድኩ።

ጋሽ ወርቁ አንድ ጥቁር ብረት እግሬ ሥር አስቀመጡ። «በል፣ አስለቅሰው» አሉኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ አላውቅም ለማለት ደግሞ አፈርኩ። ረገጥኩት። እግሬ ምት መምታት እንጂ ሌላ አያውቅም፤ በየምቱ ዋ፣ ዋ፣ ዋ አለ። ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ጎማ እየነፋህ ነው?»

ፔዳሉን ገፋ አድርጌ በጣቴ አሳየኋቸው። ጋሽ ወርቁ ሻያቸውን ማማሰል ትተው አዳመጡ። ጥሩ ነገር ይዘሃል አሉ፤ ሳክስፎኑ ሲነሣ ግን ማን ይሰማዋል? በዚህ መሃል ደረጀ፣ እስቲ ብሎ ፔዳሉ ላይ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ እጁ ጨርቅ ሲመራ እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጫ ሲያወዛውዝ የኖረ ሰው ነው። ብረቱ እንደ አሮጌ ጓደኛ ታዘዘለት። መስከረም ሲጠባ እግርህን አስተምረህ ና ተባልኩ፤ እስከዚያ ደረጀ ቦታውን ይይዛል።

ደረጀ አልተኩራራብኝም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ በል፤ ክሩን አወጣልሃለሁ» አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ክር በሌለው የስፌት መኪና ላይ እግሬን አስተማርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በሩ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ጢስ ዓይናችንን ያቃጥለናል። አንዲት ደንበኛ፣ ይኼ ልጅ ምኑን ነው የሚሰፋው ብላ ጠየቀች። «እግሩን» አላት ደረጀ።

ከመስቀል በኋላ ሄድኩ። እግሬ አላሳፈረኝም፤ ከበሮ መቺውም አልሣቀም።

«ጎበዝ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ልክ እንደ ደረጀ ትጫወታለህ።» ደስ አለኝ። «ደረጀን ግን ቀድሞውኑ ይዤዋለሁ። እስቲ ያንን የጣትህን አሰማኝ።»

ሞከርኩ። እጄ ክሩን ሲመታ እግሬ ባዶ ወለል ላይ ይወዛወዛል፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ተገትራ ቀረች። ክረምቱን ሙሉ አልነካኋትም ነበር። እሳቸው በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያ «አይዞህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ አባቴ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ደረጀ ሆቴሉ እስኪዘጋ ተጫወተ፣ ከዚያ ወደ ስፌቱ ተመለሰ፣ ዐምና ቀበርነው። በድሎኛል ብል እዋሻለሁ፤ ያለውን ነው የሰጠኝ። ለልጆቼ ከሚያውቅ ሰው ተማሩ እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። የራሳችሁንም አትጣሉ ብዬ ግን አልጨመርኩም፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚያዙ እኔም አላውቅማ።

ትናንት እራት ላይ ናሆም ስልኩን አሳየኝ። አንድ ሰው ያለ ፔዳል፣ በትንሿ ጣቱ ቁልፍ እያዞረ ጊታር ያስለቅሳል። «ተመልከት አባዬ፣ በጣት ብቻ!» ጊታሩን ስጠኝ አልኩት። ስይዝ አይቶኝ ስለማያውቅ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ትንሿ ጣቴን ዘረጋኋት። ሳጥን ስታነሣ የኖረች ጣት ናት፤ ቁልፉ ጋ አልደረሰችም።

«ይቻላል» ብዬ ጊታሩን መለስኩለት።

እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር፣ ማንም ሳያዘው፣ እንደ ደረጀ ይወዛወዝ ነበር።