አባቴ ቆብ የገዛባት ቅዳሜ

ደባርቅ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጠዋት የፖለቲካ ትምህርት ነበረን፤ ነጋዴ በዝባዥ መሆኑን እንሸመድዳለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዳባት ተዛውረው የመጡት የእጅ ሥራ መምህራችን የበግ ጠጉር ፈትለን ቆብ መሥራት ያስተምሩናል። መስኮቱን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሠርታችሁ ሽጡ፤ ደመወዝ ብቻ አትጠብቁ» ይሉናል። እኛ ሁለቱንም ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን።

መጀመሪያ ቀን «የራሱን ሥራ የሚጀምር ማነው?» ሲሉ አንድም እጅ አልወጣም። ሁላችንም በሐሳባችን ነርስ ወይም ጸሐፊ ነበርን። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግመው ጠየቁ፤ አንድ እጅ ወጣ፣ የኔ። ባለሙያ ሆኜ አይምሰላችሁ፤ የመጀመሪያው ቆቤ ለእንስራ ካልሆነ ለሰው ራስ አይሆንም ነበር። ግን ሰውየው ስለ ገበያ ሲያወሩ ልቤ ይነሳል።

ቆብ ሠርቼ ልሸጥ ማሰቤን ለአባቴ ነገርኩት። «ጨዋ ሰው እህሉን ይሸጣል እንጂ እጁን አይሸጥም» አለኝ። «ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርሽ ይህን ከሆነ ከሰኞ ጀምሮ ቤትሽ ተቀመጪ።»

ፈራሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ጌሾ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና አምስት ቆቦቼን ገበያው ውስጥ ዘረጋሁ። በረዶ ጥሎ አባርቶ ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቀና ስል አባቴ ዱላውን ይዞ ፊቴ ቆሟል። አለቀልኝ አልኩ።

ለካ ከደረስጌ የመጡ ሁለት እንግዶች አብረውት ነበሩ፤ እኔን አያውቁኝም። ቢቆጣ ሻጯ ልጁ መሆኗ ሊታወቅ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የጨዋ ልጅ ነኝ» አልኩት። ቤት ውስጥ አንተ የምለውን አባቴን አንቱ ብዬ፣ «ይለኩት እስቲ» አልኩ።

ለካው። ዋጋ ጠየቀ፣ ተወደደብኝ አለ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። መምህሬ ያስተማሩኝን ይዤ አንዲት ሳንቲም አልቀነስኩም። እያጉረመረመ ከፈለና አጠለቀው። እሱን አይተው እንግዶቹም ገዙ።

ማታ እራት ላይ ልምጩን እየጠበቅኩ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አባቴ ቆቡን እንዳደረገ ወደ እናቴ ዞረ።

«ዛሬ ገበያ ላይ አንዲት ልጅ ገጠመችኝ። ፍንክች የማትል! አሳዳጊዋን ይባርክ።»

እናቴ ሳቋን አፍና ወጥ ጨመረችለት። እሱ ትንሽ ጎረሰና እኔን ሳያይ፣ «ሰኞ በማለዳ ተነሺ፤ ትምህርቱ እንዳይረፍድብሽ» አለኝ።