የበረቱ ቀዳዳ

እኔ ምክር የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ሱቅ መዋል እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ ደብረ ማርቆስ ከባንኮኒዬ ኋላ ቆሜ ለጉንፋን ምን እንደሚሻል፣ ሽሮ በምን እንደሚጣፍጥ፣ አማት እንዴት እንደምትያዝ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። አንዲት ደንበኛዬ «አንቺ ጋ ጨው ሲገዙ ምክሩ ምራቂ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በዕድሜዬ ከሰጠሁት ምክር ሁሉ ግን አንዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱንም የሰጠሁት ለእናቴ ነው።

እናቴ ከይጁቤ ወጣ ብሎ፣ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠችና ቤቷን፣ ጓሮዋንና አንዲት ቡሬ ላም ለራሷ አስቀረች። ከተማ ገብታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ያልለመንኋት ጊዜ የለም። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ላሚቱን የት ጥያት?»

ሲያዩት ሰበብ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። እናቴን ጎሕ ሲቀድ ከመኝታዋ የምታስነሣት ያቺ ላም ናት። ታልባታለች፣ በረቱን ትጠርጋለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ወንዝ አውርዳ ታጠጣታለች፣ ዳገቱን ይዛት ትመለሳለች። አራስ ያለችበት ቤት እርጎ ታደርሳለች፤ እነሱ ደግሞ በእርጎው ፈንታ እንጨት ይፈልጡላታል፣ አጥሯን ያጥሩላታል። ሰባ ዓመት አልፏት ሐኪም ቤት በየት በኩል እንደሚገባ አታውቅም ነበር። ላሚቱ የሌለች ቀን እናቴን እዚያ ቤት የሚያቆያት ነገር እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንዳንዴ ምነው ይህቺ ላም በተሸጠች እል ነበር።

ድሮ ልጠይቃት ስሄድ ስንቁን የማደርገው ራሷ በሰጠችኝ ዘንቢል ነበር። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ የአገሬው ወግ ነው። ስኳርና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፣ ድንች፣ ቆሎ፣ በቅል የተደረገ ቅቤ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ቅቤው ሲቀልጥ፣ ቀሚሴን ሲያበላሸው፣ ጎኔ የተቀመጠው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ ታከተኝ። ለእኔ ደግሞ ፌስታል ምኔ ነው፤ ሱቄ ውስጥ በካርቶን ሙሉ አለ። ዘንቢሉን ሰቀልሁትና ጨውንም፣ ስኳሩንም፣ ዳቦውንም በየፌስታሉ እያንጠለጠልሁ መሄድ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ቀን እናቴ ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው።

«ይህን በምን ሞልቼ ልመልሰው?»

«አትመልሺው፣ እማዬ። ጣይው በቃ።»

«ዕቃ ይጣላል እንዴ?»

አልጣለችውም። እያጣጠፈች መደቡ ሥር አኖረችው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቁልሉ ከፍ አለ። እኛ ቆሻሻ የምንለው ለእሷ ንብረት ነበር። እኔ ግን ቀለለኝ፤ እጄን እያወዛወዝሁ መመለስ ደስ አለኝ።

በረቱ ከቤቱ ጀርባ የተጠጋ ነው፤ ግድግዳው እንጨት ሆኖ በጭቃ የተመረገ። በየክረምቱ ዝናቡ ጭቃውን ያራግፈዋል፤ በየዓመቱ እናቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጣ፣ አቡክታ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በእጇ ትመርጋለች። ያን ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስደርስ ገና ልትጀምር ነው። ውርጩ ገብቷል። ጉልበቷን ያማት ጀምሮ ስለነበር በአንድ እጇ ምሰሶ ይዛ ነበር ጭቃውን የምትረግጥ። አንዱን እግሯን ስታነሣ ፊቷ ጭምድድ ይላል። አንጀቴን በላችው።

«ምን ቆርጦሽ ነው ይህን ሁሉ ፌስታል ታቅፈሽ ጭቃ የምትረግጭው?» አልኋት። «ወትፊው! ላስቲክ ነፋስ አያስገባ፣ ዝናብ አያበሰብሰው።»

እሷ አመነታች። ከቁልሉ አንዱን አነሣችና በጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው። «ይህ እኮ ጨው የነበረበት ነው። ከብት ጨው የነካውን ይልሳል፣ ልጄ።»

«ላም ላስቲክ ትበላለች ብለሽ ነው? ምን አጥታ?» አልሁና ሳቅሁባት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሱቅ አለኝ፣ ሬዲዮ እሰማለሁ። እናቴ ሰባ ዓመት ከከብት ጋር ኖራ የምታውቀውን ትታ እኔን ሰማችኝ። የረገጠችውን ጭቃ እዚያው ተውነውና ሁለታችን ቀዳዳውን ሁሉ እየተሳሳቅን ጠቀጠቅነው። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ባለ መስመር። ስንጨርስ በረቱ የሠርግ ቤት መሰለ። የግማሽ ቀኑን ሥራ በአንድ ሰዓት ጨረስሁላት ብዬ ኮራሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ እንኳ መልሼ የምለቅመው አልተረፈኝም።

ከዚያ በኋላ በሄድሁ ቁጥር እናቴ «ቀዳዳው ደግሞ ተከፈተ፤ ነፋስ ይወስደዋል መሰለኝ» ትለኝ ነበር። እኔም የያዝሁትን ፌስታል አራግፌ እሰጣታለሁ፣ እሷም መልሳ ትወትፋለች። ነፋሱ ይህን ሁሉ ወዴት እንደሚወስደው ሁለታችንም አላሰብን። ከፋሲካ በፊት ወተቱ እየቀነሰ መጣ። እናቴ ግጦሹ ቢሳሳ ነው አለች። እኔ ፉርሽካ ገዝቼ ላክሁላት፤ እሱንም በፌስታል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት የጎረቤታችን ሽማግሌ ስልክ ደወሉልኝ። ከአባቴ ጋር አብረው ያረሱ፣ እናቴን እንደ እህታቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። «ላሚቱ ታማለች፤ እናትሽ እህል አልቀመሰችም፤ ድረሽ» አሉኝ። ሱቄን ዘግቼ ሄድሁ።

ላሚቱ በረቱ በር ላይ ተኝታለች። ግራ ጎኗ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ማመስኳት ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው። ከይጁቤ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሆዷን ዳሰሰ፣ በጡጫው መታ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። መድኃኒት ሰጥቷት ነበር፤ አልያዘላትም። «ሆዷ ውስጥ የማይፈጭ ነገር አለ፤ አትተርፍም» አለ። ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሳትሞት ትታረድ፣ በክት ከምትሆን አሉ። እናቴ ላሚቱ ግንባር ላይ እጇን ጭና ቆየች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቤት ገባች። መልሷ ይኸው ነበር።

ታርዳ ሆድዕቃዋ ሲከፈት እኔ እዚያው ነበርሁ። ሰዎቹ የተድቦለቦለ ነገር በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡ፤ የሰው ጭንቅላት ያህላል። ሣር ተጠቅልሎበታል፣ ይሸታል፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። ከውስጡ ባለ መስመሩን ፌስታል ወዲያው ለየሁት። ወደዚያ መንደር እሱን የማመጣ እኔ ብቻ ነኝ። አጥሩን ያዝሁ።

«ይህን ጉድ ከየት አገኘችው?» አሉ ሽማግሌው።

እናቴ ለካ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ድቡልቡሉን ነገር አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ወደ በረቱ ግድግዳ አልዞረችም፣ ወደ እኔም አልዞረችም።

«ከገበያ ማግስት ነፋሱ ያመጣዋል» አለች። «ወንዝ ዳር ለቅማው ይሆናል፣ አያ።»

ሁሉም ተቀበላት። እውነትም ነውና፤ ገበያ በዋለ ማግስት ወንዙ ዳር ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል ያብባል። አንዱ «የከተማ ሰው ጨረሰን» አለ፣ ሌላው የእሱም ወይፈን እንዲሁ እንደሞተ ተናገረ። እኔ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሴት አንዲት ቃል አልወጣኝም። ሥጋውን ጎረቤት ተካፈለው፤ እናቴ አልቀመሰችም። ማታውን ሳልነግራት፣ እሷም ሳትጠይቀኝ በማግስቱ ወደ ሱቄ ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲህ የእናቴ ቤት በር እስከ ረፋድ ድረስ አይከፈትም አሉኝ። ሌላ ላም ልግዛልሽ አልኋት። «እጄ ለከብት አይሆንም» አለች። እርጅና መስሎኝ ነበር እንዲህ የሚያናግራት። ሐምሌ ላይ ጭቃውን እየረገጥሁ ሄጄ ዕቃዋን ጠቅልዬ አመጣኋት። ስንወጣ በሩን ራሷ ቆለፈች፤ ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጠች እንጂ አልያዘችውም። ስንት ዓመት የለመንኋት ነገር ተሳካልኝ፤ ወይ መሳካት።

ደብረ ማርቆስ ያኖርኋት በክብር ነው፤ ማለት ሥራ ከለከልኋት። «ደክመሻል፣ አሁን ተቀመጪ» አልኋት። ለስላሳ ዳቦ ከስኳር ሻይ ጋር፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ወንበር። ውኃ ብትቀዳ ቀማኋት፣ ቤተ ክርስቲያን ባጃጅ አሳፍሬ ላክኋት። ዓመት ሳይሞላ ያቺ ዳገት እየወጣች የኖረች ሴት ግቢዬን አንዴ ዞራ ታለከልክ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ግፊትም ስኳርም አለባት ተባለ። ጉልበቷ አብጧል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ «እማማ፣ ጨውና ስኳር ይቀንሱ፤ ቀስ እያሉ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፤ መንበርከክ ግን አይሞክሩ» አለቻት።

«ወዴት ልንቀሳቀስ፣ ልጄ? ማን ይጠብቀኛል?» አለች እናቴ። ልጅቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ስለ ራሴም ልናገር። ከይጁቤ በተመለስሁ ሰሞን ፌስታል አልሰጥም፣ ዘንቢል ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ጸናሁ። ደንበኛው አንድ ኪሎ ስኳር በእጄ ልዝገን ወይ እያለ ጎኔ ካለው ሱቅ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት የፌስታሉን ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ አወረድሁት። ዛሬም እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም የእናቴ የነፍስ አባት ለጉዳይ ከተማ መጥተው ቤቴ ገቡ። ለብቻቸው ሊያነጋግሯት ስለፈለጉ እኔ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ልሄድ ለባብሼ ክፍሏን ብከፍት መሬት ላይ ተደፍታ አገኘኋት። የወደቀች መስሎኝ ላነሣት ሮጥሁ። መውደቅ አልነበረም፤ ትሰግዳለች። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ትነሣለች፣ ታማትባለች፣ ተመልሳ ያንን ያበጠ ጉልበቷን መሬት ታስነካለች።

ተቆጣሁ፤ መቆጣቱ ይቀናኛል። «ሐኪሟ ምን አለችሽ? ልትሞቺብኝ ነው?»

«ቀኖና ነው» አለች።

«አንቺ ምን ኃጢአት ኖሮሽ? አባስ ቢሆኑ እንዲህ ታማ ለምትኖር ሴት ይህን ያዝዛሉ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሳቸው ምን ያድርጉ። ኃጢአት አይደለም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ስጡኝ ብዬ የለመንኋቸው። ያቺን እንስሳ በእጄ ገደልኋት። ጨው እንዳለበት እያወቅሁ ወተፍሁት። ደግሞ ሰው ፊት ነፋስ ነው ብዬ ዋሸሁ። ሁለት ነው፣ ልጄ።»

ባንኮኒው፣ ሱቁ፣ ሰዓቱ ሁሉ ጠፋኝ። «ስለ እኔስ ነገርሻቸው?» አልኋት።

«ስለ አንቺ ምን ብዬ? ሰው የራሱን ነው የሚናዘዝ።»

ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ ምሬትም አልሰማሁበትም። እንዲያው የምታምነውን ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ እግሯ ላይ ወድቄ «ወትፊው ያልሁሽ እኔ፣ የሳቅሁብሽ እኔ፣ ያመጣሁት እኔ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቷል። እሷም ጠብቃኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የአልጋውን ጠርዝ ያዘችና ለመስገድ ተነሣች። እኔ በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ።

ለስቅለት ቀኖናዋን ጨረሰች። ከትንሣኤ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ ቆማ አልሄደችም፤ በክረምቱ አረፈች። ቤቷ እዚያው ቆሟል፣ ቁልፉም ሽማግሌው ጋ ነው፤ ልወስደው አልሄድሁም። የነፍስ አባቷ አሁን የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። በመጡ ቁጥር ስለ ጾሜ፣ ስለ ሐሜቴ፣ ስለ ቁጣዬ እናዘዛለሁ። ስለ ላሚቱ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸው የሚያውቁት እናቴ እንደገደለቻት ነው።