ባለ ጫማው መሪጌታ

ባለቤቴ በአንኮበር ደብራችን የአቋቋም መምህር ነበሩ። መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አገር ቆሞ ያያቸው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከመዞሩ በፊት ግብር በተበላ ቁጥር ስለሚጠሩ ጠጁም ፍሪዳውም አልጎደለባቸውም፤ ሰውነታቸው ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ጥም ያዛቸው። ውኃ በቅል በቅል ቢጠጡ አይረኩም። ሥጋቸው እያለቀ ሄደ፤ ከጓሮ የሸኑበትን ቦታ ጉንዳን ይወረዋል። እኔ መተት ነው ብዬ ፈራሁ። ኋላ ሐኪሞች የስኳር በሽታ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በእኛ ዘንድ ስም አልነበረውም። በአንድ በዓል ማሕሌቱ መሐል ጉልበታቸው ከዳቸውና ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከቤት አልወጣም አሉ። ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው በገዳም ሳሉ አንድ መነኩሴ እንዲሁ ታመው አይተዋል። ጠጅና ማር እንዲተዉ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ በየቀኑ እንዲራመዱ፣ ግን ብቻቸውን እንዳይሄዱ መከሩ። ጾሙንም አነሱላቸው። ባለቤቴ ይህን ስነግራቸው ተቆጡ፤ ደብተራ ጾም ሲሽር ምን ሊባል ነው አሉ። ካህኑ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ።

«ጾም ለጤነኛ ነው» አሏቸው። «አንተን የማዝህ እንድትበላና እንድትሄድ ነው። ንስሐህ ይኸው ነው።»

በንስሐ ሲመጡባቸው እምቢ ማለት አልቻሉም።

ከምሳ በኋላ አብረን ወጣን። አንኮበር ገደልና ዳገት ነው። የመጀመሪያ ቀን ቁልቁል ወርደን ስንመለስ ዳገቱ ላብ በላብ አደረጋቸው፤ ዓይናቸው ጨልሞ መንገድ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ እኔ፣ «አስቀድመን ሽቅቡን እንውጣ፤ ቢደክምዎት መመለሻው ቁልቁል ነው» አልኳቸው። ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ወዲያ ያመማቸውን ቀን እየተውን፣ ደኅና በሆኑ ቀን ትንሽ ትንሽ እያራቅን ሄድን። ውኃውንና ሲዝሉ የሚቀምሱትን የበሶ ጭብጦ የምይዘው እኔ ነኝ።

አንድ ምሽት እግራቸውን ሳጥብ ተረከዛቸው ላይ የቀጋ እሾኽ ተሰክቶ አየሁ። መቼ እንደወጋቸው አያውቁም። ስነቅለው እንኳ ምንም አልተሰማቸውም። የደነገጥነው ሁለታችንም ነን። ሳይውል ሳያድር ፋቂ ዘንድ ሄጄ ከውስጡ የበግ ጠጉር ያለው ጫማ አሰፋሁላቸው።

መንደሩ ሳቀ። በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ሁሉ፣ መሪጌታው ሹመት አገኙ ወይ እያለ ያሽሟጥጥ ጀመር። ባለቤቴ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። እኔም ከኋላቸው አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። በየምሽቱ እግራቸውን ከጣቶቻቸው መሐል ሳይቀር እያየሁ አሳድራቸው ነበር። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲያዳልጥ ደግሞ እቤት ውስጥ መቋሚያቸውን አንሥተው ማሸብሸብ ጀመሩ። ምሰሶው ሥር የሚቀመጡበት ዱካ አኑሬላቸው ነበር፤ ሲደክማቸው ያርፉበታል።

የደብራችን ንግሥ ሲደርስ ታቦቱን አጅበው ሽብሸባውን በአደባባይ መሩ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜያለሁ። መሐል ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ መቋሚያቸውን ለተማሪያቸው ሰጥተው ወደ እኔ መጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጭብጦውን ስጪኝ» አሉኝ።

ቀስ ብለው በሉ፤ ውኃ ጠጡ፤ ዐረፉ። አጠገቤ ያለች ሴት፣ ታቦቱ ሳይገባ እህል ይቀመሳል እንዴ ብላ አጉረመረመች። እኔ ግን እንደዚያን ቀን በባሌ ኮርቼ አላውቅም። ሲሻላቸው ተነሥተው ተመልሰው ገቡ፤ ሽብሸባውንም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መርተው አደረሱት።

ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አስተማሩ። ልጃችን ደብረ ብርሃን ተድራ ስትወልድ፣ መንገዱን ከፋፍለን ዘመድ ቤት እያደርን ለክርስትናው ሄድን። አማቿ በቅሎ ሊቀበሉን ከደጅ ወጥተው ከኋላችን ያለውን መንገድ ያያሉ።

«በቅሏችሁስ የት ቀረች?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉ ባለቤቴ።

«ከአንኮበር?»

«አዎን፣ ከአንኮበር» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመውኝ ገቡ።