እርጥበት ነው ያልሁት ጋዝ

ሰው ወደ አገሩ ወረታ ሲመለስ ለእናቱ ስኳርና ነጠላ ይዞ ይመጣል። እኔ የሚጮህ ሳጥን ይዤ መጣሁ።

ሳጥኑን የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ውስጡ ግራፊን አለ፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር አንድ የአቶም ውፍረት እስኪቀረው ሲሳሳ ማለት ነው። ከካርቦኑ መካከል እዚህም እዚያም ሌላ አቶም ስንተካበት መርዛማ ጋዝ ሲነካው ያውቃል፣ ሳጥኑም ይጮሃል። ያመጣሁት በምክንያት ነው። እናቴ የምትተኛው ሩዝ ከሚከመርበት ጓዳ አጠገብ ነው፤ ጓዳው ደግሞ በር የለውም። ሩዝ ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ኪኒን የሚያወጣው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ሰው ይገድላል። እሷን ሳስብ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሎ ነበር።

ችግሩ ሳጥኔ ጋዝን ከእርጥበት አለመለየቱ ነው። ቤተ ሙከራው ደረቅ ነበር፤ የፎገራ ልጅ ሆኜ ሜዳው በክረምት ውሃ እንደሚተኛበት መርሳቴ ነው የሚያስቀው። ደመና ሲከብድ ጮኸ። የወጥ ድስት ሲከፈትም፣ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣም ጮኸ። በጮኸ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን አንሥታ፣ እኔን በክንዴ ጎትታ ደጅ ትወጣለች።

"ዶክተር፣ ዛሬም እናትህን አባረርሃት?" ይለኛል ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ። "ወላሂ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!"

"ኧረ እማዬ፣ እርጥበት ነው፤ ግቢ" እላታለሁ።

"ጮኸ አይደል?" ትለኛለች፤ አትገባም።

አንድ ቀን አጎቴ ቤቱ ጎርፍ እንዳይገባበት ፈርቶ ሩዙን በጋሪ አምጥቶ ጓዳችን ከምሮት ሄደ። ኪኒን እንደጨመረበት አልነገረንም፤ እኔም ለዚሁ ጉዳይ ከዩኒቨርሲቲ ድረስ የመጣሁት ሰውዬ አልጠየቅሁትም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሳጥኑ ጮኸ። እናቴ ክንዴን ብነጥቃት ብቻዋን ወጣች። እኔ የባለሱቁን ሣቅ ስለሰለቸሁ ሳጥኑን አጥፍቼ አልጋዋ ላይ ጋደም አልሁ። ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ፎስፊን እንደዚያ እንደሚሸት ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬያለሁ! ያን ቀን ግን ያሰብሁት ስለ እራት ነበር።

ራሴን ሲያመኝና ሊያስመልሰኝ ሲል እንኳ "ጉንፋን ነው" አልሁ። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ገባች፤ እግሬን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። ደጃፉ ጭቃ ላይ አስመለስሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ባለሱቁ ያን ጊዜ አልሣቀም፤ ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

ተሽሎኝ ስመለስ ሩዙ ወጥቶ ቤቱ ተናፍሶ ነበር። አፍሬያለሁ፤ ከማፈሬም ይልቅ ፈርቻለሁ። አልጋው የእሷ ነው። ሳጥኑን ባጠፋሁት ጊዜ ተኝታበት ቢሆንስ? ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ሲጮህ ለምን ታምነው እንደነበር ጠየቅኋት።

"እዚህ አገር 'ውሃ መጣ!' ብሎ የጮኸ ሰው፣ ውሃው ቢቀርም አይሰደብም" አለችኝ። "የሰደብነው ዕለት በሌላ ቀን ማን ይጮህልናል? በል አሁን ክፈተው።"

ከፈትሁት። ወዲያው ጮኸ። ውጭ ይዘንባል፤ እርጥበት መሆኑንም አውቄያለሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ከእናቴ ቀድሜ ደጅ ወጣሁ።